ጋራ ዲማ ላይ አልፌው የሄድኩት ሰው

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ሰሚራ ከሚሴ ቤቴ ድረስ መጣችና የጤና ጣቢያው ወጣቶች ቅዳሜ ጋራ ዲማን ሊወጡ መሆኑን ነገረችኝ። ሰሚራ ነርስ ናት፤ የክትባቱን ክፍል ከእኔ የተረከበችው እሷ ናት። ወጣቶቹ በዕረፍት ቀናቸው ተራራ መውጣት ልማድ አድርገዋል። እኛ በአበል እንወጣው የነበረውን እነሱ ከኪሳቸው አዋጥተው ይወጡታል።

«ለአንቱ ሽኝት እንዲሆን ነው» አለች። «ኬክ ከመቁረስ ይሻላል ተባለ።»

«ጉልበቴን ማን ሊሸከምልኝ?»

«ተራ እናወጣለን።»

እምቢ ልል ነበር። ጋራ ዲማ ቀይ ተራራ ማለት ነው። ከከሚሴ በስተምሥራቅ፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላና ሣር አልቆ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ማዘንበል ሲጀምር ብቻውን የቆመ ድንጋይ ነው። ወገቡ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ግራር በቀር ይህ ነው የሚባል ጥላ የለውም። ከግራሩ በላይ መንገዱ በእግር ብቻ ሳይሆን በእጅም የሚወጣ ነው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ በጠባብ ሜዳ ላይ አንድ መንደር አለ።

«አሊ ቦሩ የሚባሉ ሽማግሌ አሁንም እዚያ መንደር አሉ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጋሽ አሊ? አሉ እንጂ። ከልጃቸው ጋር ናቸው። ቆላ መውረድ ግን ከተዉ ቆይተዋል። ምነው?»

«እወጣለሁ» አልኳት።

ምክንያቱን አልነገርኳትም። ለጋሽ አሊ መንገር የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሰሚራ ምናልባት ሳትወለድ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። እሳቸው የማይወርዱ ከሆነ መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ከዘንድሮ ወዲያ የሚያወጣኝ አይመስለኝም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በጤና ረዳትነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ ሰንበቴ ክሊኒክ ተመደብኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ቅጹ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሰዉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ነርስነቱን የተማርኩት በኋላ ነው፤ ስሙ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ድሬሰር ይማም ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከመርፌ መቀቀያው ፉጨት የማይበልጥ ሰው ናቸው። ሲያስተምሩ አያብራሩም፤ ይሠራሉ፣ አጠገባቸው ቆሞ ያየ ይይዛል። ለመስክ ስንነሳ የበረዶ ጥቅሎቹን ከላምባው ፍሪጅ እንዳወጡ ወደ ክትባቱ ሳጥን አይከቱም። ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና ሻያቸውን ይጠጣሉ። ከዚያ አንዱን አንስተው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ውስጡ ትንሽ ውሃ ሲንቦጫረቅ ካልሰሙ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ገና እንደ ድንጋይ የጠጠረ በረዶ ከአንዳንዱ ክትባት ጋር ሲነካካ አብሮ ያጠጥረውና ያበላሸዋል። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ተነግሮኝ ነበር፤ በጆሮ እንደሚሰማ ግን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው አካሄድ ነበር። ከመኪና ወርደን ተራራ ስንጀምር ከመካከላችን በጣም ቀርፋፋው ማን እንደሆነ ያዩና ፊት ያስቀድሙታል። የሚፈጥነው ኋላ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ፊት የምሄደው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ክብር መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ጫማቸው ነው። በዚያ አገር መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ተሳልመው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። የመጣው ከመጣበት ጀምሮ ያየውን ይናገራል፦ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ውሃውን፣ ከብቱን፣ በሽታውን፣ ገበያውን። በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል። ክፉም ቢሆን አያስቀርም። ሌላው አይፈርድም፣ አያቋርጥም፤ «ከዚያስ?» እያለ ያዳምጣል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። አፋሮቹ ዳጉ ይሉታል፤ የእኛም ሰው፣ በስም አይጥራው እንጂ፣ እንደዚያው ያደርጋል። ድሬሰር ይማም መንገድ ላይ ሰው ባገኙ ቁጥር ይቀመጡና በመጀመሪያ ጫማቸውን አውልቀው ጎናቸው ያኖራሉ።

አንድ ቀን፣ «ድሬሰር፣ ጫማው ምን አጠፋ?» አልኳቸው።

«እግሬን አላምነውም» አሉኝ። «ጫማ ካለው ይሄዳል።»

በሦስተኛው ዓመቴ በቆላው በኩል ኩፍኝ ተሰማ። የጋራ ዲማ መንደር ሕፃናት አልተከተቡም ነበር። ድሬሰር ይማም በዚያ ሳምንት እግራቸው አብጦ ተኝተዋል፤ ስለዚህ ቡድኑን እንድመራ ታዘዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አራት ነበርን። ለመኪናው የነዳጅ ደብዳቤ ሲፈረም ረፋዱ ሄደብን፤ ከተራራው ሥር ስንደርስ ፀሐይዋ ድንጋዩን ማጋል ጀምራለች። በረዶው ከእኩለ ቀን ብዙም አያልፍም።

ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። ቀርፋፋው ሌላ ሰው ነበር፤ መዝገብ ያዣችን፣ አስም ያለበት። ግን እሱን ባስቀድም አንደርስም ብዬ ፈጠንኩ። ግራሩ ጋ ስቃረብ አንድ ሰው ሁለት ፍየል እየነዳ ሲወርድ አገኘሁት።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ነጋያ?»

«ነጋያ፣ አልሀምዱሊላ።»

«ታኢ» አለኝ በዱላው የግራሩን ጥላ እያሳየ። ቁጭ በይ ማለቱ ነው።

«በረዶው ይቀልጥብኛል» አልኩት። «ስመለስ እንጫወታለን።» ይህን ያልኩት ቆሜ አይደለም፤ እየሄድኩ ነው።

«ወደ ላይ ነው?» አለኝ ከኋላዬ።

«አዎ።»

ዱላው ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ «እሺ፤ በሰላም ውጪ» አለኝ።

ከግራሩ በላይ ሁለት ሰዓት ያህል በእጅና በእግር ወጣን። መዝገብ ያዣችን ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። መንደሩ ባዶ ነበር። የቤቶቹ ደጃፍ በእሾህ ተዘግቷል፤ አመዱ ቀዝቅዟል። ዞር ዞር ብለን ተጣራን፤ የሚመልስ የለም። ሳጥኑን ከፍቼ አንዱን ጥቅል ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት። ሙሉ ውሃ ነበር። ያ ክትባት ለማንም አይሰጥም፤ ተመልሶ ይወገዳል። ለመኪናው ቅርብ ነው በተባለ በሌላው ጎን ወረድን፤ ስለዚህ በግራሩ በኩል አልተመለስኩም።

በማግስቱ ድሬሰር ይማም አልጋቸው ላይ ሆነው የጻፍኩትን ሪፖርት አነበቡ።

«መንገድ ላይ ማንን አገኛችሁ?»

«አንድ ሰው።»

«ምን አለ?»

«አላወራንም።»

ደብተሩን ዘጉና መለሱልኝ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱብኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ክትባት ከደሴ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚህ መሃል እውነቱን ከሰንበቴ ገበያ ሰማን፦ የላይኛው ኩሬ ስለ ደረቀ መንደሩ በሙሉ ወርዶ ከግራሩ ወረድ ብሎ ባለው ሸጥ ውስጥ ሰፍሯል። ሰውየው ካገኘኝ ቦታ የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ስንሄድ ኩፍኙ ቀድሞን ገብቶ ነበር። ያልያዛቸውን ከተብን። የአሊ ቦሩ ልጅ ዘሃራ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። ዕድሜዋ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር።

እናቷ ትልቁን ልጅ ይዛ መጣችና ክንዱን ገለጠችልኝ። መርፌውን ስወጋው፣ «ባሌ አንቺን ግራሩ ጋ አግኝቶሽ ነበር» አለችኝ፤ «ቸኩላ ነበር አለኝ።» ልትወቅሰኝ አልነበረም። እንዲያው መናገር ስላለባት ተናገረች። ባልዋ ራቅ ብሎ ወደ ፍየሎቹ እያየ ቆሟል። ሄጄ ላነጋግረው አስቤ ነበር። ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት አሉ ብዬ ቀረሁ። ሕፃናቱ ካለቁም በኋላ አልሄድኩም።

ወደ በላይ የሄደው ሪፖርት የመጀመሪያው ጉዞ ያልተሳካው «ኅብረተሰቡ ተንቀሳቃሽ በመሆኑ» ነው ይላል። ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን በሌላ መንገድ ያዝኩት። በሰንበቴ የገበያ ቀን፣ የክሊኒኩ ተራ ሲቀል፣ ከብት ተራ ሄጄ ከፍየልና ከግመል ነጋዴዎች መሃል እቀመጥ ነበር። የትኛው ኩሬ ደረቀ፣ የትኛው መንደር ወዴት ሄደ፣ ማን ታመመ፤ ይህ ሁሉ እዚያ ይገኛል፣ ጫማ ላወለቀ ሰው። ድሬሰር ይማም ሲዛወሩ የመጣው ኃላፊ ወጣት ነበር፤ ቢሮ ሳይኖር ሥራ ያለ አይመስለውም።

«ሲስተር ፍየል ነጋዴ ሆነች እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት ጠየቀኝ።

«ሻጭ አይደለሁም» አልኩት። «እየገዛሁ ነው።»

አንድ የገበያ ቀን ከቆላ የመጣ ግመል ነጋዴ በአንድ ሰፈር ሰው ተቅማጥ እንደ ጀመረው ነገረኝ። በዚያው ቀን ወጣን። ሁለት ሰው በጠና ታሞ አገኘን፤ ሁለቱም ዳኑ፣ ወደ ሌላ ሰፈርም አልተዛመተም። ከዚያ በኋላ ኃላፊው የገበያ ቀን ቢሮ ውስጥ ካየኝ፣ «ዛሬ ገበያ የለም እንዴ?» ይለኝ ጀመር። ቆይቶም ወደ ከሚሴ ተዛወርኩ፤ እስከ ጡረታ ድረስ እዚያው ሠራሁ። ቅጹ ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ ፍሪጁ በፀሐይ መሥራት ጀመረ፤ ብልቃጡ ላይ ክትባቱ ሙቀት እንደ ነካው የሚናገር ምልክት መጣ። በሰንበቴ የተማርኩትን ያህል ግን ከሚሴ አልተማርኩም።

ጋራ ዲማን ዳግመኛ አልወጣሁም። ለዚያ መንደር ተራ ሲደርስ ሌላ ሰው እመድብ ነበር። ይህን የሚያውቅ የለም፤ አሁን መጻፌ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሰባት ሆነን ከመኪና ወረድን። ሰሚራ ሰልፉን አየችና እጄን ይዛ ፊት አቆመችኝ።

«ድሬሰር ይማም እንዳዘዙት» አለች። አይታቸው አታውቅም፤ ከእኔ የሰማችው ነው። እኔ እንደ ሰንበቴ የመጀመሪያ ወር እንደገና ፊት ሆንኩ፤ በዚህ ጊዜ ክብር አልመሰለኝም።

የመድኃኒት ክፍሉ ከድር ኋላ ተደረገ። እግሩ ረጅም ነው፤ አፉም አያርፍም።

«በዚህ አካሄድ» አለ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ «ጫፉ ስንደርስ እኛም ጡረታችን ይደርሳል።»

«አንተ ውሃውን ዝም ብለህ ተሸከም» አለችው ሰሚራ።

«ዝም ብዬ ነው የተሸከምኩት። አፌ ነው የሚያወራው።»

መንገዱ እንደ ድሮው ነው። ኮረቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፤ ቋጥኙም ከማለዳው ጀምሮ ለእጅ ይሞቃል። የቀኝ ጉልበቴ ገና ከመጀመሪያው ዳገት ተናገረኝ። በየሃያ እርምጃው ቆምኩ። እኔ ስቆም ሁሉም ቆሙ፤ ከድርም ቆመ። አንድ ሁለት ጊዜ እንመለስ ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግራሩ ጋ ደርሼ ብመለስስ ብዬ አሰብኩ፤ ከግራሩ በላይ ግን ገና ሁለት ሰዓት እንዳለ አውቃለሁ፣ ለእኔ ደግሞ አራት። ጋሽ አሊ ያሉት ላይ ነው።

ግራሩ ሲታየን ሥሩ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ከሚሴ ላይ ሰሚራ ለአንድ የመንደሩ ሰው «ሲስተር ልትወጣ ነው» ብላ ነበር። በሰንበቴ ገበያ ወሬው ተራራ ወጣ። ጋሽ አሊ፣ ቆላ መውረድ የተዉት ሰው፣ በዚያ ቀን ከጎህ ጀምረው በልጃቸው ተደግፈው እስከ ግራሩ ወርደዋል። ልጃቸው አድርሷቸው ወደ ፍየሎቹ ተመልሷል። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

ተሳለምን። አዩኝ፤ በደህናው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ስመለስ አልሽኝ» አሉ። «ቆየሽ።»

ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ሰሚራ አየችኝና የእሷን አወለቀች። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወለቁ። የከድር የጫማ ማሰሪያ ብዙ ነው፤ እስኪጨርስ ጠበቅነው።

የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ የምጀምረው እኔ ነኝ። ከከሚሴ ጀመርኩ። በጨፋ ዝናቡ ዘግይቶ እንደ ገባ፣ ማሽላው ግን እንደ ያዘ፤ የቦርከና ወንዝ እንደ ሞላ፤ መንገዱ እስከ ተራራው ሥር እንደ ተጠረገ፤ እኔ ከሥራ እንደ ወጣሁ፣ ይህች ልጅ በቦታዬ እንደ ገባች ነገርኳቸው። በየመሃሉ «ከዚያስ?» ይሉኛል።

«ካየሁት የቀረ አንድ አለ» አልኩ። «አንድ ቀን በዚህ መንገድ ስወጣ አንድ ሰው ታኢ አለኝ። በረዶው ይቀልጣል ብዬ አልፌው ሄድኩ። ሰፈሩ እዚህ ሸጥ ውስጥ ነበር፤ ክትባቱ በእጄ ነበር። ብቀመጥ ይነግረኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስመጣ ልጁ ተቀብራ ነበር። ሄጄ አላነጋገርኩትም። እስከ ዛሬ አላነጋገርኩትም። ይህ የሰማሁት አይደለም፤ ያየሁት ነው።»

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከዚያ ዛሬ መጣሁ።»

ዘሃራ ብትኖር ሰሚራን ትንሽ ብትበልጣት ነው፤ ወደ ሰሚራ ላለማየት መሬት መሬት አየሁ።

ተራው የእሳቸው ሆነ። የላይኛው ኩሬ ዘንድሮ ውሃ እንደ ያዘ፣ ሣሩ እስከ ጥር እንደሚያደርስ፣ ከፍየሎቹ ሁለቱን ነብር እንደ በላቸው፣ ልጃቸው አራተኛ ልጅ እንደ ወለደ ተናገሩ። ሚስታቸው ከሁለት ዓመት በፊት እንዳረፈች ተናገሩ። «አላህ ይርሐማት» አልን።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ እኔም ያየሁት አለኝ» አሉ። ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ አኖሩት። «አንድ ቀን አንዲት ሲስተር በዚህ ስትወጣ አገኘኋት። ታኢ አልኳት፤ እየሄደች መለሰችልኝ። ወደ ላይ ነው? አልኳት። አዎ አለች። ላይ ሰው እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ሳጥኑን አይቻለሁ፤ ለልጆች እንደሆነም አውቃለሁ። ሰፈሩ ወርዷል። ይህን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ቆማ ሰላም አላለችኝም ብዬ ተቀየምኩ። ትውጣና ባዶውን ትየው አልኩ በልቤ። እሺ፣ በሰላም ውጪ አልኳት።»

በደህናው ዓይናቸው ወደ ሸጡ አዩና ቀጠሉ።

«ለልጄ እናት፣ ቸኩላ ነበር ብዬ ነገርኳት። ይህን ብቻ ነው የነገርኳት። እስክታርፍ ድረስ ሌላውን አልነገርኳትም። አንቺ ግን መንገዱን ትመጭበታለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

የምፈርድ እኔ አይደለሁም፤ የዳጉ ሕግም አይፈቅድም። ልለው የሚገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ ይኸው» አሉ።

ሰሚራ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ጠጡና ኮዳውን ለእኔ አሳለፉ። ጫማችንን አደረግን። ፀሐይዋ እየበረታች ነበር፤ ጫፉ ከላያችን ቀይ ሆኖ ቆሟል። እሳቸው ወደ መንደራቸው መመለስ ነበረባቸው፤ እኛም ወደዚያው ነን።

ሰሚራ ሰልፉን ልታስተካክል ተነሣችና እኔን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን። ማን እንደሚቀድም ለማወቅ አንድ እርምጃ ማየት ይበቃ ነበር።

«ጋሽ አሊ ይቅደሙ» አልኩ።

ከድር ሳይነገረው ወደ ኋላ ሄደ። ጋሽ አሊ ዱላቸውን ቋጥኙ ላይ ተክለው የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጡ፤ እኔ ሁለተኛ ሆኜ ተከተልኩ። ሲቆሙ ቆምን፤ ሲሄዱ ሄድን።